ሁለተኛው የግድግዳ ሰዓት

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? የሰው ፊት አያሳይሽ፤ በወጣሽበት ክፉ አይንካሽ።

እኛ ደህና ነን። አባትሽን ጉልበቱን እንዳመመው ነው፤ ቁጣው ግን ጤነኛ ነው። የጓዳው ጣሪያ ስለሚያፈስ ባልዲ ደቅኜበታለሁ።

አባትሽ አንቺ ባለሽበት አገር ሰዓት የሞላውን ሁለተኛውን የግድግዳ ሰዓት ታውቂዋለሽ። ሁልጊዜ ቀና ብሎ ያይና “አሁን ክፍል ገባች” ይላል። ሰሞኑን ግን በቪዲዮ የምትደውዪው ልክ በማስተማሪያ ሰዓትሽ ሆነ። ጋዋንሽን ለብሰሽ ትስቂልናለሽ። እሱ ሰዓቱን ያያል፣ አንቺን ያያል።

አብራሽ የሄደችው መምህርት እናት ትናንት መጥታ፣ ትምህርት ቤቱ የሁለታችሁንም ውል እንደሰረዘ ነገረችኝ። ለአባትሽ እንዴት እንደምነግረው ስጨነቅ “ካወቅሁ ቆየሁ፤ እንዳወቅን እንዳትነግሪያት” አለኝ። ዛሬም ጎረቤት ስለ አንቺ ሲጠይቀው፣ ሰዓቱን ሳያይ “አሁን ክፍል ገባች” አለ።

እኔ ግን አልቻልኩም። በስልክ እንዳልነግርሽ አባትሽ ከአጠገቤ አይጠፋም፤ ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ።

ምን በልተሽ እንደምታድሪ አላውቅም። አልጋሽ እንደተነጠፈ ነው። ፈጣሪ ከሰው አገር በሰላም ያውጣሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ስትደውዪ ለእኛ ብለሽ ጋዋኑን አትልበሺ።

እናትሽ