የደፈንኩት አስፋልት

ደባርቅ፣ ጥቅምት 9 ቀን

ይድረስ ለልጄ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ ከእናትሽ ወገብ በቀር ደህና ነን፤ ፈጣሪ ይመስገን። ገብሱም ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። ከሄድሽ ወዲህ አልደወልኩልሽም፤ የምነግርሽ ነገር በስልክ የሚሆን አይደለም።

ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲመጣ ጥምዙ ላይ ያሠራሽውን አስፋልት የደፈንኩት እኔ ነኝ።

ሥራው ያለቀ ዕለት አንድ ጆግ ውሃ አፍስሰሽበት ወዲያው ሲጠጣው አሳየሽኝ። ውሃው በድንጋዮቹ መካከል ወርዶ በጎን ወደ ቦዩ ይወጣል፣ ጎማ በዝናብም አይንሸራተትም አልሽኝ። ሰማሁሽ እንጂ አላመንኩሽም። ንድፍ ማንበብ በራሴ የተማርኩ፣ ሠላሳ ዓመት ካቦ የሆንኩ ሰው ነኝ፤ የማውቀው ውሃ የመንገድ ጠላት መሆኑን ነው። ቀዳዳ ካየሁ እደፍናለሁ።

በዚያ ላይ ሠራተኛው ይስቅብሽ ነበር። ሻይ የምትሸጥልን ማንጠግቦሽ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ጋሼ፣ ልጅዎ ወንፊት አነጠፈች አሉ፤ ጤፋችንን ይዘን እንምጣ?" አለችኝ። ቅዳሜ አንቺ ጎንደር ስትወርጂ የሮለር ነጂውን ያርጋልን ሞተሩን አስነሳው አልኩት። እሷ ሳታውቅ እንዴት ይሆናል ቢለኝ፣ እኔ አባቷ ነኝ ብዬ ዝም አሰኘሁት። ደቃቅ የድንጋይ ብናኝ አስበተንኩ፣ በመጥረጊያ ቀዳዳዎቹ ውስጥ አስገባን፣ በሮለር ዳመጥነው። ስምሽን ያዳንኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ሐምሌ ላይ ውሃው አስፋልቱ ላይ ተኛ። የሾፌሩ የአለምነህ የጭነት መኪና ተንሸራቶ ተገለበጠ፤ እግሩም ተቆረጠ። "አባባ፣ ነክተውታል?" ስትዪኝ፣ "እኔ የሰው ሥራ አልነካም" አልኩሽ። የአደጋው ሪፖርት ጥፋቱ የንድፉ ነው ሲል አንቺ ፈርመሽበት ከሥራ ወጣሽ። እኔ ዝም አልኩ።

ባለፈው ሳምንት ያርጋል ነገረኝ። በአደጋው ማግስት ብቻሽን መጥተሽ አስፋልቱን በሚስማር ጫርሽው አለ። የወጣውን ብናኝ ወረቀት ላይ አድርገሽ ብዙ ቆመሽ አየሽው፤ ከዚያ አጥፈሽ ቦርሳሽ ውስጥ ከተትሽው። እሱን ምንም አልጠየቅሽውም። በፈረምሽው ሪፖርትም ስለ ብናኝ አንድ ቃል የለም። ለምን እንደሆነ አልጠይቅሽም።

ሰኞ የቀድሞ መሥሪያ ቤትሽ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ። ኃላፊው በአክብሮት ሰማኝ፤ ብዕሩን ግን አላነሳም። "ይገባኛል አባቴ፤ የትኛውም አባት ለልጁ እንዲህ ይላል" አለኝ። ያርጋል ይመስክር ብል ጎረቤታችሁ አይደለም ወይ አሉኝ። በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ጥፋቴን ባምን የሚያምነኝ አጣሁ።

ከዚያ አለምነህ ቤት ሄድኩ። እስክጨርስ አዳመጠኝና መጀመሪያ ልጅዎን ይቅርታ ይጠይቁ፣ ከዚያ ወደ እኔ ይመለሱ አለኝ። ልክ ነው።

ይቅር በይኝ። ይህን ቃል ለማንም ብዬው ስለማላውቅ አጻጻፌ ደረቅ ከሆነ አትታዘቢኝ።

ያንን ወረቀት ይዘሽ ነይና ጠረጴዛቸው ላይ ዘርጊው። ሽበቴን አይተሽ አትራሪልኝ። እኔ ከበሩ ውጭ ቆሜ እጠብቅሻለሁ፤ ሲጠሩኝ እገባለሁ።

እመቤቴ ማርያም በምትሄጂበት ሁሉ ትቅደምሽ። ልፋትሽን ለፍሬ ያብቃልሽ።

ወላጅ አባትሽ