ጎመን ነው ብዬ ያበላሁህ ሾርባ

ለወንድሜ ለሰይድ፣

አሰላሙ አለይኩም። ጆሀንስበርግ ላይ አፈር ካለበስንህ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። እኔ ታናሽህ አሊ ከሚሴ ገብቻለሁ። ለሞተ ሰው ደብዳቤ አይደርስም አትበለኝ፤ በሕይወት እያለህስ የምነግርህን መቼ አስጨርሰኸኝ ታውቃለህ? አሁን እንኳ ቡጢህን ሳታነሳ ስማኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። አንተ በላክኸው ብር ጓዳው ቆርቆሮ ተከድኗል። ከአስፋልቱ ወደ እኛ የሚያስገባው መንገድ ድንጋይ ተነጥፎበት ባጃጅ ደጃፋችን ድረስ ይመጣል። የእማዬን የግራ ዓይን ሞራ ጋርዶታል፤ ደሴ ወስጄ ላሳክምሽ ብላት «ምን ልይበት?» አለችኝ። አጎታችን ይማም ድሮም ቁጡ ነበር፣ አሁን ስምህ በተነሳ ቁጥር መሬቱን በዱላው ይቀጠቅጠዋል። የእኛ ቤት ሰው ሲያዝን አያለቅስም፣ ይማታል።

እዚያ አገር ሦስታችን አንድ ክፍል ነበርን፤ አንተ፣ እኔና የሰንበቴው ሙሄ። ሳምንቱን ሙሉ ብርድ ልብስ ተሸክመን ስንሸጥ እንሰነብትና እሑድ እንተነፍሳለን። የፖርቹጋል ምግብ ጣጣ የመጣብን በአከራያችን በኩል ነው። አሮጊቷ ፖርቹጋላዊት ግቢው ውስጥ ከሰል አያይዛ ዓሣ ስትጠብስ ለእኛም አቀመሰችን። ዓሣ መቼም ቢስሚላህ ብሎ የሚያርደው ሰው አይፈልግም። አንተ አጥንቱን እየመጠጥክ፣ «ዓሣ ይህ ከሆነ እስከ ዛሬ የበላነው ምንድን ነበር?» አልክ። ሴትዮዋ ብዙም ሳትቆይ ልጇ ጋ ሄደች። አንተ ግን ያንን ጣዕም ፍለጋ በየእሑዱ እኔንና ሙሄን በታክሲ ከተማውን አዞርከን። አንዱ ቤት ዓሣውን ያደርቀዋል፣ ሌላው ነጭ ሽንኩርቱን ይሰስታል፣ ሌላው ቃሪያውን ፈርቶ ሎሚ ያፈስበታል። አንዴ መሃሉ በረዶ የሆነ ዓሣ ያቀረበልህን ሰውዬ ከማድቤቱ ጎትተህ አውጥተህ ሳህኑን ደረቱ ላይ ደፋህበት። ሦስታችንም በጥበቃ እየተገፈተርን ወጣን፤ ሙሄ አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሙሄ ይወድህ ነበር። ይህን የምጽፈው ከመጨረሻዋ እሑድ በኋላ ረስተኸው ይሆናል ብዬ ነው።

የመጨረሻዋን ቤት ያገኛት እሱ ነው፤ አንድ ደንበኛው ነግሮት። በሩ ላይ ስንደርስ ወደ እኔ ዞረህ፣ «እስከ አሥረኛ የተማርከው አንተ፤ ሂድና ሐላሉን ጠይቅ» አልከኝ። ጠየቅሁ። አስተናጋጁ ዶሮውም ሥጋውም ሐላል አይደለም ስላለኝ ዓሣ አዘዝኩ። ዓሣው እስኪደርስ አረንጓዴ ሾርባ አለ ብሎ ፎቶውን አሳየኝ፤ እንደ ፀጉር ቀጥኖ የተከተፈ ጎመን ነው። ሦስት አምጣ አልኩት። ጎመን ምን ይጠየቃል? እኛ አገር ጎመን ፊት ቆሞ ሐላል ነህ ወይ ያለ ሰው አላውቅም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይሄ ነው።

ግማሹን ጠጥተህ፣ «ይቺ ናት፣ አገኘናት» አልክ። እንደዚያ ደስ ብሎህ አይቼህ አላውቅም። ከዚያ ማንኪያህ ከሥር ቀይ ክብ ቁራጭ ይዞ ወጣ። አስተናጋጁን ጠርተህ አሳየኸው። የአሳማ ቋሊማ ነው አለህ፣ ያውም ፈገግ ብሎ። ሳህኑን ግድግዳው ላይ ከሰከስከው። ዓይንህ ደም ለብሶ፣ «ማን ነው ይበላል ያለው?» አልክ። ሰይዶ፣ እኔ ነበርኩ። ቡጢህን ስለማውቀው ፈራሁ። እኔ ነኝ ማለት ሲገባኝ ወደ ሙሄ አየሁ። ለአንተ ያ ብቻ በቃህ። በአንድ እጅህ ጉሮሮውን አንቀህ በሌላው አፍንጫውን ሰበርከው። ደሙ ጠረጴዛው ላይ ሲንጠባጠብ እኔ ቆሜ አያለሁ። ትንፋሽ ሲያጥረው በሁለት እጁ ገፈተረህ። ወደ ኋላ ሄደህ ማጅራትህ በሩ ጋ ያለው ደረጃ ድንጋይ ላይ አረፈ። እንጨት ሲፈለጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው፤ አሁንም ይሰማኛል።

ሙሄ ያን ዕለት ጠፋ። ስንት አገር አቆራርጦ ሰንበቴ አባቱ ቤት ገባ። እኔ ቀብሬህ ስመለስ የአሳማው ወሬ ቀድሞኝ ከሚሴ ገብቶ፣ ሰው ሁሉ የጠየቀኝ «ማን አበላው?» ብሎ ነው። ዝም አልኩ። ዝምታዬን ሙሄ ብለው ተረጎሙት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል፤ እኔን ከውስጥ ጨርሶኛል። ይማም የአባታችንን ጩቤ ከሳጥን አውጥቶ ሰጠኝና፣ «ደሙን ካልመለስክ እዚህ ቤት እህል እንዳትቀምስ» አለኝ። የሚያሳፍረውን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። ሙሄ ከሞተ እውነቱን የማውቅ እኔ ብቻ እሆናለሁ ብዬ።

በሰንበቴ የገበያ ቀን ከብት ተራ አገኘሁት። የፍየል ደላላ ሆኗል፤ የአንድ አፋርና የአንድ ደገኛ እጅ ይዞ ያስማማ ነበር። ከኋላው በድንጋይ መታሁት። ሲወድቅ ደረቱ ላይ ወጥቼ ፊቱን ደበደብኩት፤ ጥርሱ በጡጫዬ ተሰበረ። ጩቤውን ስመዝ ፍየሎቹ ተበታተኑ፣ ሰው ጮኸ። ሙሄ እጁን እንኳ አላነሳም። ደም እየተፋ፣ «በል እንጂ አሊ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለኝ ቀስ ብሎ። አንተ ነህ ያዘዝከው ቢል ይበቃው ነበር። ወላሂ አላለም። ጩቤው ትከሻውን ሰንጥቆት አለፈ፤ ልደግመው ስል አፋሩ ክንዴን ጠምዝዞ ጣለኝ።

በሳምንቱ አበጋሮች መጡ። በእኛ አገር ደም የሚያደርቁት እነሱ መሆናቸውን ታውቃለህ። የገዳይና የሟች ቤተሰብ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሆነውን አንድ ሳያስቀር ያወጣል፣ ከዚያ ዱአ ተደርጎ ቂሙ ይቀበራል። ትልቁ ሽማግሌ፣ «አንዲት የተደበቀች ነገር ካለች ዱአው አይያዝም፤ ደሙም የደበቃት ሰው ቤት ይገባል» አሉ። ሙሄ ፊቱ እንዳበጠ ተነሳና የገፋሁት እኔ ነኝ አለ። ስለ ሾርባው ትንፍሽ አላለም። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እማዬ በደህናው ዓይኗ ታየኛለች። ተነሳሁና ተናገርኩ፤ ጎመኑን፣ አለመጠየቄን፣ ወደ ሙሄ ማየቴን።

ይማም በዱላው ጀርባዬን ሲቀጠቅጠው ማንም አልያዘውም። እማዬ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት፤ «ኢልማ ኮ ውጦት ነበር ወይ?» ልጄ ሐራም በሆዱ ይዞ ነው ወይ የሞተው ማለቷ ነው። አልዋጠም ብላት ታርፍ ነበር። ግን መዋሸት አንገፍግፎኛል። ግማሹን ጠጥቷል፣ ወዶትም ነበር አልኳት። ሽማግሌው ሳያውቅ የበላ ኃጢአት የለበትም፣ ኃጢአቱ ማን እንዳዘዘው እያወቀ ዝም ያለው ላይ ነው አሏት። ተነስታ መጣችና በጥፊ መታችኝ፤ ደግማ ደጋግማ፣ እጇ እስኪዝል። ከንፈሬ ተሰነጠቀ። ከዚያ ወደ ሙሄ ሄዳ እኔ የወጋሁትን ትከሻውን ሳመችው።

ከሙሄ ቤት ጋር ያለው ደም በዚያው ቀን ደረቀ። የእኛ ቤት አልደረቀም። አበጋር የሚቀመጠው በሁለት ቤት መካከል ነው፤ በዳይና ሟች ከአንድ ማሕፀን ሲወጡ የት እንደሚቀመጥ ሽማግሌዎቹም አያውቁትም። እማዬ ምግብ ታቀርብልኛለች፣ አብራኝ ግን አትበላም።

አልረሳህም ሰይዶ። ቁጣህን ደብቄ ደግነትህን ብቻ አላወራልህም፤ ከነቡጢህ፣ ከነሳቅህ አነሳሃለሁ። ወንድምህ በምን ሞተ ያለኝን ሰው ወድቆ አልለውም፣ ተገፍቶም አልለውም። «እኔ ዝም ስላልኩ» እለዋለሁ።

ታናሽህ አሊ