ጠዋት እንድትበላ ተፈቅዶልሃል

ለልጄ ለአካለ ወልድ፣ ስዊድን አገር። የብቸናው ጊዮርጊስ ካለህበት ድረስ ሄዶ ይጠብቅህ፤ ከብርዱም ይሰውርህ። እኛ ደህና ነን። ላሚቱ ወልዳለች። ሞጣ ያለችው አክስትህ ፋንታነሽም ከጾሙ በፊት ልጇን ድራለች። የምትጽፍልኝ እህትህ ደስታነሽ ናት፤ ትምህርቷን ጥላ ከመጣች ወዲህ ከሰው ሁሉ ትጣላለች።

ሐኪሞቹ ውፍረትህን ለመቀነስ አንጀትህን ቆርጠው እንዳሳጠሩት ከጻፍክልኝ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ብላ ብለውህ ሳለ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስትጾም ወደቅህ። ምነው ልጄ?

የንስሐ አባታችንን አባ ገላውን ጠየቅኋቸው። «ከውፍረት የሸሸ ሰው ጾም ምን አስፈራው?» ብለው ሳቁ። ደስታነሽ ቱግ አለች። «እርስዎ ማታ የሚበሉትን እሱ ባንዴ ቢበላው ይሞታል!» አለቻቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ትንሽ አሰቡና «እንግዲያስ ሕመምተኛ ነው፣ ጠዋት ይብላ። በጾሙ ፈንታ ይስገድ» አሉ። ሆዱ የተቀደደ ሰው እንዴት ይሰግዳል? እኔ ልስገድለት ብዬ ለመንኳቸው፤ እሺ አሉኝ።

እና ልጄ፣ ሳታፍር ብላ። ጓደኞችህ ሲያጎርሱህ ግን በቃኝ በል፤ ማንም አይቀየምህም። የምትቀምሳት ሁሉ ትስማማህ፤ አምላክ ቁስልህን ያድርቅልህ። ስትበላ ፎቶ ተነሳና ላክልኝ።

ወንድም ጋሼ፣ ይኼን እኔ ደስታነሽ ነኝ የጨመርኩት። እማዬ ጉልበቷ አብጧል፤ ተይ ብላትም አትሰማኝም። አንተም እየጾምክ እሷም እየሰገደች ከሆነ ሁለታችሁም አብዳችኋል እላለሁ። ይኼን ወረቀት አስቀምጥና አሁኑኑ ቁርስህን ብላ።