ደም መላሽህ ደክሟል

የካቲት 11 ቀን
ጋምቤላ፣ አውሮፕላን ማረፊያው

ለውድ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ወገብሽስ እንዴት ነው? ቀኝ ዓይንሽ ውሃ ማፍሰሱን ተወ ወይ? ያቺ አጥር እየሰበረች የሰው ማሳ የምትገባው ላምሽስ ወለደች? ስለ እኔ እንዳታስቢ። ከጉልበቴ በላይ፣ ለኪዳነ ምሕረት ምስጋና ይድረሳትና፣ በጣም ደህና ነኝ። ከጉልበቴ በታች ያለውን ደግሞ አሁን እነግርሻለሁ፤ ብዕር ያነሳሁትም ለሱ ነው።

መቼም ይህን የሚያነብልሽ ኤልናታን ነው። ቄሰ ገበዙ ዓይናቸው ደክሟል ብለሽኛል፤ ሌላ ፊደል የቆጠረ አጠገብሽ የለም። ኤልናታን ልጄ፣ ሳትዘል አንብብላት። ደስ ያላለህን እየዘለልክ እንደምታነብ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ አውቅሃለሁ።

ስልክ ልደውል ብል የሱ ዝግ ነው፤ የናንተ ሰፈር መስመርም ከጠፋ ሰነበተ። እንግዲህ እንደ ድሮው በወረቀት። መቅደላዊት የምትባል እዚህ የምታስተምር ያገራችን ልጅ በዛሬው አውሮፕላን ወጥታ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ትቀጥላለች። መንገዱ ከፈቀደ የካቲት አሥራ አምስት በእጅሽ ታስረክብሻለች። አውሮፕላኑ ገና አላረፈም፤ እስኪያርፍ ነው የምጽፍልሽ።

ደስታዬን ላስቀድም። እማዬ፣ በዚህ ዕድሜዬ ረጅም ካልሲ ለበስኩ ብልሽ ታምኛለሽ? ጋምቤላ ላይ! በየካቲት! ሰው ቆዳውን አውልቆ ሚስማር ላይ ቢሰቅል ደስ በሚለው ሙቀት! ግን እንዲሁ ካልሲ አይደለም፤ የሐኪም ካልሲ ነው፤ ቁርጭምጭሚት ላይ ጥብቅ ብሎ ወደ ላይ ላላ እያለ የሚሄድ። ኤልናታን ወዳንቺ ሲያልፍ አዲስ አበባ ላይ ገዝቶ በሰው እጅ ላከልኝ። መጀመሪያ ያጠለቅሁት ቀን እግሬ ሰው ያቀፈው መሰለኝ። የሥራ ባልደረባዬን አቻንን ጠርቼ እንደ ሙሽራ እየተሽከረከርኩ አሳየኋት።

ታሪኩን ከሥሩ ልንገርሽ። ሥራዬ ፍተሻ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ አውሮፕላን የሚሳፈሩትን ሴቶች በእጄ ዳብሼ አሳልፋለሁ። ወንበር አለኝ፣ ግን ተቀምጦ የሰው ብብት የሚፈትሽ የለም። በዚያ ላይ የዚህን አገር ሰው ቁመት ባየሽ! የኑዌር ሴት ስትመጣ ትከሻዋ ጋ የምደርሰው በጣቶቼ ጫፍ ቆሜ ነው። እንዲህ አሥራ ሰባት ዓመት ቆምኩ።

በመጀመሪያ ጭኔ ላይ ቀጫጭን ቀይና ሰማያዊ መስመር ወጣ፤ ቁርጥ የሸረሪት ድር። ቤቴን ሳልጠርግ ብውል ሸረሪቷ እኔው ላይ አደራች ብዬ ሳቅሁ። ኋላ ባቴ ላይ የደም ሥሩ እንደ ገመድ ተጠማዞ ተነሳ። አመሻሽ ላይ እግሬ ድንጋይ ይሆናል፤ ጫማ አልገባ ይላል። አብራኝ የምትፈትሸው አቻን፣ የአኝዋ ልጅ ናት፣ ምላሷ ምላጭ ነው፣ አንድ ቀን ቀሚሴን ገለጥ አድርጋ አየችና፣ አንቺ ሴትዮ ባሮ ከነገባሮቹ እግርሽ ላይ ነው፣ አዞ እንዳለው ፈትሸሻል ወይ አለችኝ።

ደግሞ ስንቱ ሐኪም ሆነብኝ መሰለሽ! ጎረቤቴ ብርድ ነው አለች። ጋምቤላ ላይ ብርድ! አንዷ ቅቤ አሙቀሽ እሺው፣ ሌላው በምላጭ ተበጪና ክፉው ደም ይውጣልሽ አለ። ቅቤውን አልዋሽሽም፣ አሽቻለሁ። ምላጩን ፈራሁ። ሳልበጣው ራሱ ፈነዳ እንጂ። ጥር ላይ ነው፤ ያንቺ መልእክት በመጣ በሦስተኛው ቀን።

መልእክትሽን ያመጣው ነጋዴ ለእኔ አልነገረኝም፤ ልጄን ከግቢ ውጭ ጠርቶ ለብቻው ነው የነገረው። ግን ልጄ ፊቱ ላይ የማላነበው ነገር የለም፤ ዕለቱኑ አውጣጣሁት። ያንቺ ቃል ይህ ነው፤ ልጄን ወንዳፍራሽን የገደለው ሰው እስሩን ጨርሶ ቀዬ ገብቷል፤ የካቲት አሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረትን ሊሳለም ይመጣል፤ ደም መላሽ አለኝ ብያለሁና የልጅ ልጄ ይምጣልኝ። እንዲህ ነው ያልሽው፣ አይደል?

በሦስተኛው ቀን ማለዳ እዚሁ በር ላይ ቆሜ ስፈትሽ፣ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ያለው ሥር ፈነዳ። አያምም እኮ! ጫማዬ ሲረጥብ ነው ያወቅሁት። አቻን መሬት ላይ አጋደመችኝና እግሬን የሰው ሻንጣ ላይ ሰቀለችው፤ ሻሿን ፈትታ ቁስሉን በእጇ ጭምቅ አድርጋ ያዘች። ደሙ ቀጥ አለ። ኤልናታን መጥቶ ከተማ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ፤ ኦቻን የሚባል የጤና መኮንን አገኘን።

ኦቻን አማርኛን ከመጽሐፍ ነው የተማረው። ሴቱንም ወንዱንም አንተ ነው የሚለው፤ እኔን እማማ ተቀመጥ ይለኛል። አስቁሞ አየኝ፣ አስተኝቶ አየኝ፣ ሥሩን በጣቱ ተከትሎ እስከ ጉልበቴ ወጣ። ከዚያ ቀና ብሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? እማማ፣ ችግሩ ገብቶኛል፤ ደም መላሽህ ደክሟል አለኝ።

እማዬ፣ እግሬን ረሳሁት። አልጋው ላይ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ እልል አልኩ! ሦስት ጊዜ! ይድከም፣ እሰይ ይድከም፣ ቃልህን እውነት ያድርገው አልኩት። ኦቻን ጓንቱ ከእጁ ወደቀ። ውጭ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ማን ወለደች ብለው በሩን ከፈቱት። ኦቻን ደግሞ ግራ ገብቶት፣ እማማ በሽታ እኮ ነው፣ አትደሰት ይለኛል።

ኋላ መጽሐፉን አውጥቶ አሳየኝ። ቃሉ ደም መልስ ነው። ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ደም ቅዳ ከልብ ያወጣል፣ ደም መልስ ወደ ልብ ይመልሳል። ደም መላሽ ያደረገው የኦቻን አማርኛ ነው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኤልናታን ብቻ አልሳቀም። ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ አየኝ፤ ለምን እልል እንዳልኩ ገባው። በአራተኛው ቀን አያቴን ልጠይቅ ብሎ ተነሳ። የያዘው አንድ ሸሚዝና ግድግዳ ላይ የነበረውን የወንዳፍራሽን ፎቶ ነው። አያቱን የሚጠይቅ ሰው እኮ ስኳርና ነጠላ ነው የሚይዘው።

አሁን ኦቻን ያስተማረኝን ስሚኝ፤ ይህን ነው ሳትዘል አንብብ ያልኩት። ደም መውረድ አይከብደውም፤ የሚከብደው መመለሱ ነው። ስንራመድ ባታችን እየጨመቀ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ በሥሩ ውስጥ ደግሞ ትናንሽ በሮች አሉ፣ ደሙን አሳልፈው ተመልሶ እንዳይወርድ ይዘጋሉ። ሰው ሳይራመድ ቆሞ ሲውል በሮቹ ይላላሉ። ያን ጊዜ ወደ ደጋ መውጣት የሚገባው ደም ቆላ ይቀራል፤ እንደኔው። ብዙ ጊዜ ከእናት ይወረሳል፤ የእናትህ እግር እንዴት ነው ብሎ ጠየቀኝ። ያንቺ እግር ትዝ አለኝ፤ በልጅነቴ ሳጥብሽ እንደ ሐረግ የሚጠመዘዘው። አዎ፣ ከእናቴ ነው አልኩት። ከእናት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ።

መድኃኒቱ ደግሞ ቀላል ነው፤ ቅቤም ምላጭም የለበትም። አትቁም፣ ተራመድ፣ ስትተኛ እግርህን ከልብህ ከፍ አድርግ፤ ካልሲውን ጠዋት ከአልጋ ሳትወርድ፣ እግርህ ሳያብጥ አጥልቅ። ካልሲው ግን ያግዛል እንጂ የላላውን በር አይጠግንም። የሚሻለው አዲስ አበባ ሄዶ የተበላሸውን ሥር በመርፌ ማስደረቅ ነው አለኝ። እኔም፣ ሲደርቅ እግሬ ያለ ደም አይቀርም ወይ አልኩት። አይቀርም እማማ፣ ደም ብልህ ነው፣ አንዱ መንገድ ሲደርቅበት በደህናው ሥር ይሄዳል አለኝ። ስንወጣ በር ድረስ ተከትሎኝ ደግሞ አንድ ነገር አስጠነቀቀኝ። አንዱ እግርህ ብቻ ድንገት ካበጠ፣ ባትህ ከጋለና ካመመህ፣ በላዩ ትንፋሽ ካጠረህ፣ ደም ረግቶ ወደ ሳንባ ሄዷል ማለት ነው፤ ያን ቀን ሻይ እንኳ ልጠጣ ሳትል ና አለኝ።

እማዬ፣ ደም ማድረቅ የሚለውን ቃል እኛም አገር እናውቀዋለን። ሽማግሌ ይገባል፣ ቄስ መስቀል ይዞ ይቆማል፣ ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይንበረከካል፣ ደም ይደርቃል። አንቺ ግን አሥራ አራት ዓመት በሩን ዘግተሽ ሽማግሌ መለስሽ። ጥቁር ልብስሽ ሲያልቅ ሌላ ጥቁር አስፈተልሽ። አልፈርድብሽም። ወንዳፍራሽ ላንቺ ልጅ ከሆነ ለእኔም ወንድም ነበር፤ በክረምት ወንዝ ያሻገረኝ በትከሻው ነው።

ጥፋቱ ያንቺ ብቻ ነው ብዬ የጻፍኩ እንዳይመስልሽ። ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ከለቅሶው የተመለስኩ ቀን፣ የሰባት ዓመት ልጅ ፊት ተንበርክኬ፣ ትከሻውን ይዤ፣ ደም መላሻችን አንተ ነህ ያልኩት እኔ ነኝ። አባቱ፣ ነፍሱን ይማረው፣ ምን ታስተምሪዋለሽ ብሎ ተቆጣኝ። ኤልናታን የያዘው ብይ ነበር። ብዩን ኪሱ ከቶ፣ እሺ እማ አለኝ። ያንቺ ነጋዴ አሁን የጠራው ያኔ እኔ ያዘጋጀሁትን ልጅ ነው። የሱ እሺ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

ልጄ፣ ያን እሺህን መልስልኝ። እናትህ ናት ያለችህ፤ እናትህ ናት የምትተውህ። የሰጠሁህን ወስጃለሁ።

እንዲህ ብዬ ብጽፍም እንተዋወቃለን፣ እማዬ። እኔ አንቺን አውቅሻለሁ፤ ቃልሽን አታጥፊም። እሱንም አውቀዋለሁ፤ ይሄን አንቀጽ ዘሎት ሊሆን ይችላል። ራሴ ልመጣ አስቤ መናኸሪያ ሄጄ ነበር፤ የአውቶቡሱ ወንበር ላይ አንድ ሰዓት ሳልቀመጥ እግሬ በርሜል ሆነና አወረዱኝ። ደብዳቤው ከአሥራ ስድስት በኋላ ቢደርስስ ብዬም አስቤዋለሁ። ያን ጊዜማ የሚያነብልሽ አይኖርም።

ካልሲው ውስጥ ብጣሽ ወረቀት አስገብቶልኛል። እማ፣ ይህን ሳታደርጊ አትውጪ፤ ብዘገይም እግርሽን ከፍ አድርጊ ይላል። ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አትጠይቂኝ። ብዘገይም የምትለዋ ላይ ብዕሩ ወረቀቱን ቀዶታል።

አውሮፕላኑ አረፈ፤ ድምፁን ሰማሁት። ዛሬ የምፈትሸው የለም፣ አቻን ብቻዋን ትሥራ ብያታለሁ፤ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ፣ ደስ አይልም? የቀኙን ካልሲ ለብሻለሁ። የግራው ጠዋት አልገባ አለኝ፤ ታግዬ ተውኩት። ሙቀቱም ዛሬ ለብቻው ነው፤ ይሄ መስመር የተጣመመው መሀል ላይ ሦስት ጊዜ አረፍ ብዬ አየር ስለሳብኩ ነው። አቻን መጥታ ባቴን ዳሰሰችና ቀልዷን ተወች፤ ተነሺ፣ መኪናውን አስነሳዋለሁ፣ ኦቻን ጋ እንሂድ እያለች ትጮህብኛለች። መቅደላዊት ሳትገባ ልጨርስ፣ ከዚያ እሄዳለሁ አልኳት። እኔን መኪናው ይጠብቀኛል፤ ደብዳቤውን የሚያደርሰው አውሮፕላን ግን ይሄው አንዱ ነው።

ኪዳነ ምሕረት በበዓሏ ቀን ደጇን የሰላም ታድርግልሽ። ጥቁርሽን በእጇ ታስወልቅሽ። ዓይንሽን ታብራልሽ፣ ላምሽን ታርባልሽ፣ የወንዳፍራሽን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ታሳርፍልን። ልጄን በእግሩ ትመልስልኝ፤ ደም ሳይነካው እንደሄደ ይምጣ። እሱ እንዳለኝ እግሬን ከፍ አድርጌ እጠብቀዋለሁ።

ልጅሽ፣
የወንዳፍራሽ እህት፣
የኤልናታን እናት