ኢርምጋርድን የለኩ ዕለት

የና፣ ጀርመን፣ ኅዳር 1934 እ.ኤ.አ.

ውቅያኖስ ለለየኝ ወንድሜ ለሉዶልፍ፣

ቺሊ እንዴት ይዛሃለች? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን።

አጎታችን ኮንራድ ከታላቁ ጦርነት በፊት ምሳ ላይ፣ «ሰውም እንደ ፈረስ ዘሩ መመረጥ አለበት፤ ደካማ መውለድ የለበትም» ሲሉ፣ አንተ «በዚህ በሚያነክስ እግርዎ እርስዎን ማን ሊመርጥዎት ነው?» ብለህ ቤቱን በሳቅ ታፈርሰው ነበር። ያ ሳቅህ ናፈቀኝ። ዛሬ የእሳቸው ወሬ ትምህርት ሆኖ በየክፍሉ ይሰጣል፤ የሚስቅም የለም።

ባለፈው ሳምንት አስተማሪው የልጄን የኢርምጋርድን ራስ በብረት መለኪያ ለክቶ፣ «ንጹሕ ዘር ማለት ይቺ ናት!» ብሎ አስጨበጨበላት። እየዘለለች ቤት ገባች። ሳህን ስታነሳ ግን ያ አንተም የምታውቀው የሚጥል ሕመሟ ጣላት። መስኮቱን ዘጋሁ። ጎረቤቴ «ምንድን ነው የወደቀው?» ስትለኝ «ድስት ነው» አልኳት። ሐኪም አልጠራሁም፤ ዘንድሮ ሐኪሞች ያዩትን ለመንግሥት ያሳውቃሉ። እንደ እሷ የሚጥላት የዳቦ ጋጋሪውን ልጅ ሊናን ሆስፒታል ወስደው፣ እንዳትወልድ አድርገው መለሷት፤ እጮኛዋም ልጅ እፈልጋለሁ ብሎ ትቷታል።

እስቲ ንገረኝ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ብቻዋን መርከብ ያሳፍሯታል? ስፓኒሽስ ቶሎ ይለመዳል? እንዲያው ለወሬ ያህል ነው። ሹራብ ጀምሬላታለሁ፤ የእናንተ አገር ታኅሣሥ ይሞቃል ስላልከኝ በስስ ክር ነው።

ፈጣሪ ዓይን ለዓይን ያገናኘን፤ እኔን ቢያቆየኝ እንኳ እሷን ያስቀድምልኝ።

እህትህ ሄድቪግ