በሁለት ቤት የተቀመጠ ሽጉጥ

አባኮ፣ እንደምን ሰንብተሃል እንዳልልህ መልስህን አልሰማውም፤ ሰላም ላንተ ይሁን።

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት አለፈ። ይህን የምጽፍልህ ከሰመራ ነው። እስካሁን በዚያው በጨው መጋዘን በጥበቃ እሠራለሁ፤ ሥራውን ለምጄዋለሁ፣ ሙቀቱን ግን አልለመድሁትም። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ሳቋርጥ፣ እጄ ጽሕፈት እንዳይረሳ ብለህ የዕድሩን ደብዳቤ ሁሉ እኔን ታስጽፈኝ ነበር። አንድ ቃል ካበላሸሁ ወረቀቱን አስቀድደህ እንደገና ታስጀምረኛለህ። ይህ ደብዳቤ ቀጥ ብሎ ከቆመልኝ ምስጋናው የአንተ ነው።

የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷን አልፎ አልፎ ያማታል እንጂ አሁንም የአምቦን ገበያ በእግሯ ትወርዳለች። እኅቴ ጫልቱ ጤና ጣቢያ ተቀጥራለች። ነጩን ጋውን ለብሳ ስትወጣ እማዬ ሰው እንዲያይላት እስከ አጥሩ ድረስ ትሸኛታለች። ቀይ ላምህ ወልዳለች፤ ጥጃዋም እንደ እናቷ ተራጋጭ ናት። የሚያፈሰውን ጣሪያ በአዲስ ቆርቆሮ አስለወጥነው። የምጽፍልህም ነገር የተጀመረው በዚያ ጣሪያ ሳቢያ ነው።

በፈቃድ መጥቼ ቆርቆሮው ሲነሳ፣ ከቆጡ ላይ ከወረዱት ዕቃዎችህ መካከል በጆንያ የተጠቀለለ ሽጉጥ ተገኘ። አንተ ዶሮ ለማረድ እንኳ ጎረቤት የምትጠራ ሰው ነበርህ። እማዬን ስጠይቃት ፊቷን አዞረች። “እኔን አትጠይቀኝ፤ ሌላም ሰው እንዳትጠይቅ” አለችኝ። ጭንቀታምነቴን ታውቃለህ፤ በር ቆልፌ ከሄድሁ በኋላ መቆለፌን ለማየት የምመለስ ሰው ነኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አባቴ በዚህ ሰው ገድሎ ይሆን እያልሁ እብሰለሰል ነበር።

ሽጉጡን ፎቶ አንስቼ ለጥበቃ አለቃችን ላክሁላቸው። ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ ናቸው። ማካሮቭ ነው ብዬ ጽፌላቸው ስለነበር ወዲያው ደውለው ሳቁብኝ። “አንተ ደግሞ ጥበቃ ነኝ ትላለህ! ማካሮቭ በጎኑ መቆለፊያ አለው፤ ይሄ የታለው? ቶካሬቭ ነው እንጂ፣ የድሮ መኮንኖች የሚታጠቁት የሩሲያ ሥራ” አሉኝ። ከላይ የሚንሸራተተው ብረትና ከታች ያለው አካሉ ቁጥራቸው አንድ መሆኑን እንዳይ አዘዙኝ፤ አንድ ነበር። ጥይት የሚሞላበት ካርታ ግን በእጀታው ውስጥ አልነበረም። የእጀታው አንዱ ገጽ ኮከብ ያለበት ጥቁር ፕላስቲክ ሲሆን፣ ሌላው በእጅ የተጠረበ ወይራ ነበር። ሰው ገድሎ እንደሆነ ከቁጥሩ ይታወቅ እንደሆነ ስጠይቃቸው ሳቃቸውን አቆሙ። “ቁጥሩ የሠራውን ፋብሪካ ይነግርህ ይሆናል፤ የያዘውን እጅ ግን አይነግርህም። ይልቅ ያን እንጨት የጠረበውን ሰው ፈልግ” አሉኝ።

ወይራን እንዲህ አድርገው የሚያለሰልሱት በጌዶ ገበያ ዱላ የሚሸጡት ኦቦ ጉርሜሳ መሆናቸውን ከእርሳቸው ገዝተህ እኔ ከወረስኋት ዱላህ ዐወቅሁ። ሄጄ በኦሮምኛ ሰላም ብላቸው፣ “በረሃው ምላስህን አደረቀው እንዴ? እንደ ሸገር ሰው ትኮላተፋለህ” ብለው ቀለዱብኝ። ፎቶውን ሲያዩ ግን መጥረቢያቸውን አስቀመጡ። ሥራቸው መሆኑን አልካዱም። “ለእጃጂው ለቶሌራ ነው የሠራሁት። ቀሪውን መናገር የሚችለው እሱ ብቻ ነው” አሉኝ።

ይህን ስም በደንብ ዐውቀዋለሁ። ኦቦ ቶሌራ በየገናው ከእጃጂ እየመጡ ከአንተ ጋር በአንድ ሳሕን የሚበሉ ወዳጅህ ናቸው። በቀብርህ ቀን አስከሬንህ ከቤት ሲወጣ በፊት በኩል የተሸከሙህ እርሳቸው ናቸው። የእርሳቸው ሽጉጥ በአንተ ቆጥ ላይ ምን ይሠራል? ቀምተሃቸው ይሆን? ወይስ ሁለታችሁ አንድ ክፉ ነገር አብራችሁ ሠርታችሁ ነበር? እጃጂ እስክደርስ ድረስ በሚኒባሱ ውስጥ የማላስበው ነገር አልነበረም።

ኦቦ ቶሌራ ተናግሬ ሳልጨርስ ተነሥተው ጓዳ ገቡ። በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዘው መጥተው ፊቴ ፈቱት። ካርታው ነበር፤ ጥይቶቹም በውስጡ ነበሩ።

እኔ ሳልወለድ የጭነት መኪና ትነዳ እንደነበር ዐውቃለሁ፤ ለምን እንደተውኸው ግን ነግረኸኝ አታውቅም። ከእጃጂ ወጣ ብሎ ባለው ኩርባ ላይ መኪናህ የኦቦ ቶሌራን ታናሽ ወንድም ገጭታ መግደሏን ከእርሳቸው አፍ ሰማሁ። ያን ሽጉጥ ከአንድ የቀድሞ ወታደር የገዙት አንተን ሊገድሉበት ነበር። ሲገዙት የእጀታው አንዱ ገጽ ተሰብሮ ስለነበር ወደ ኦቦ ጉርሜሳ ወሰዱት። ኦቦ ጉርሜሳም ነገሩ ገብቷቸው ኖሮ ቀጠሮ ያራዝሙባቸው ጀመር። “ወይራው ገና እርጥብ ነው፣ ይሰነጠቃል እያለ ሲያመላልሰኝ ከረመ። ያ ውሸታም!” ብለው ኦቦ ቶሌራ በዕንባ መካከል ሳቁ። ወይራው እስኪደርቅ ሽማግሌዎቹ ደረሱ፤ የደም ካሳው፣ ጉማው፣ ተከፈለ፤ ደሙም ደረቀ።

ብረቱን ለአንተ የሰጡህ ሽማግሌዎቹ አዝዘዋቸው እንዳልሆነ ነገሩኝ። የገዛ እጃቸውን ስላላመኑት ነው። ብረቱ በአንተ ቤት፣ ካርታው በእርሳቸው ቤት እንዲቀመጥ፣ ሁለቱም እንዳይገናኙ ተስማማችሁ። ደም ከደረቀ በኋላ ደግሞ የበዳይ ወገን ነገሩን መልሶ አለማንሳቱ የአገራችን ሥርዓት ነው። እኔ ወንጀል የመሰለኝ ዝምታህ ለካ ቃል መጠበቅህ ኖሯል። እማዬም ከአንተ ጋር ጠብቃው ኖራለች።

ትንሽ ልጅ ሳለሁ ወደ ነቀምቴ ይዘኸኝ ስትሄድ፣ እዚያ ኩርባ ላይ ቆብህን አውልቀህ ጭንህ ላይ ታስቀምጠው ነበር። እኔ ሙቀት ነው ብዬ መስኮቱን እከፍትልህ ነበር። አንተም “ጎሽ፣ ልጄ” ትለኝ ነበር። ያን ጊዜ ምን ያህል ከብዶህ እንደነበር አሁን ሳስበው፣ ለእኔ የምታካፍለኝን ደስታ ከየት ታመጣው እንደነበር ይገርመኛል። ከዚያ ዕርቅ በኋላ የተወለድሁ ልጅ ነኝና የምኖረው ዕድሜ ከሦስታችሁ፣ ከአንተ፣ ከኦቦ ቶሌራና ከኦቦ ጉርሜሳ እጅ የተሰጠኝ ነው። አመሰግንሃለሁ፤ እነርሱንም ሁለቱን ፊታቸው ቆሜ አመስግኛቸዋለሁ።

ሽጉጡ እማዬ ቀን ቀን ብቻዋን በምትውልበት ቤት እንዲቀመጥ ስላልፈለግን፣ ኦቦ ቶሌራ አምቦ ድረስ መጥተው አብረን ለፖሊስ አስረከብነው። ፖሊሱ ትሑት ሰው ነበር። ካርታውን አንሥቶ በሽጉጡ ውስጥ ሊሞክረው ሲል ግን ኦቦ ቶሌራ እጁን ያዙት። “እኛ ከወጣን በኋላ አድርገው፣ ልጄ” ብለው ለመኑት። እርሱም ምንም ሳይጠይቅ ለየብቻ አስቀመጣቸው።

ደጅ ከወጣን በኋላ ኦቦ ቶሌራ ቆም አሉ። “እንግዲህ በእናንተ ቤት የኔ ነገር የለም። እናንተ ጋር የሚያመጣኝ ጉዳይ ቀረ ማለት ነው” አሉኝ። የምራቸውን ነበር። እኔ በዕድሜዬ ለትልቅ ሰው ደፍሬ መልሼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን፣ “አባቴ በየገናው የሚጠራዎት ሽጉጥ ሊያሳይዎት ነበር እንዴ?” አልኋቸው። ትከሻዬን በቡጢ መቱኝ፤ እስካሁንም ያመኛል። ከዚያ ቤት ገብተን በአንድ ሳሕን በላን። እማዬ እኔን በአንተ ቦታ አስቀመጠችኝ።

ሲሰናበቱኝ፣ አንተ በአፍህ ልትጠራው ያልተፈቀደልህን የወንድማቸውን ስም ነገሩኝ። ደበላ ይባል ነበር። ፈረስ ይወድ ነበር፤ ሲስቅም እስከ ጎረቤት ይሰማ ነበር አሉኝ። ስሙን በቤታችን እንድጠራው ፈቀዱልኝ።

ስለዚህ አባኮ፣ አንተን ባሰብሁ ቀን ሁሉ ደበላንም አስበዋለሁ። እግዚአብሔር ልጅ ከሰጠኝም ስለ ሁለታችሁ እነግረዋለሁ፤ የሁለታችሁንም ስም ድምፄን ሳልቀንስ እጠራለታለሁ።

ልጅህ፣
ከሰመራ