ልጄ የበላችው

ጥር 6

ዛሬ ሁለት ሊፍት ሠራሁ። አንዱ በሩ አልዘጋ ብሎ ነበር። ሰው መኖሩን የሚያየው የበሩ ዓይን ላይ አቧራ ነው፣ ሌላ ምንም። ሁለተኛው አራተኛና አምስተኛ ፎቅ መሃል ቆሟል፤ ውስጡ አንዲት ሴትዮ ከሁለት ፌስታል ድንች ጋር። በሩን ስከፍትላት "ምነው ዘገየህ?" እንጂ እግዜር ይስጥልኝ የለም። እሷም እውነቷን ነው... ሃምሳ ደቂቃ ቆማለች።

ቤት ስገባ ልጄ ሶፋው ላይ ተጠቅልላ የሕንፃ ንድፍ ትምህርቷን ታጠናለች። ሩዝ በካሮት ቀቀልኩ። ካሮቱን በማንኪያ ስነካው እስኪፈርስ ድረስ። ግማሹን በላች።

ሐኪሟ የምትበላውንና መጸዳጃ የምትሄደውን ጻፉ ስላለች ይሄን ደብተር ገዛሁ። የትልቁ አንጀት ቁስለት ነው ብላናለች። የሚቆይ። እንደ ጉንፋን አልፎ የሚሄድ አይደለም፤ አብሮ መኖር ነው። ልጄ ሃያ ዓመቷ ነው።

ሩዝ፣ ካሮት፣ አንድ የተቀቀለ እንቁላል። አራት ጊዜ ሄደች። ደም የለም።

ጥር 9

ድንች፣ ዶሮ ያለ ቆዳው። ሁለት ጊዜ። ደህና።

ጥር 13

ሳህኗን ጨረሰች። "አባዬ፣ እጅህ ጣፈጠ እኮ!" አለች።

እናቷ በሕይወት ሳለች እኔ ከሻይ ሌላ ነገር ጥጄ አላውቅም። ሦስት ዓመት ሊሆነን ነው... አሁን ሾርባ አጥልላለሁ፣ የዶሮ ቆዳ እገፍፋለሁ። ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

"በምግብ ብቻ እንረታዋለን" አልኳት። "ያ ሐኪሟ ያዘዘችልሽ መድኃኒት ራስሽን ከማሳመም በቀር ምን ሠራልሽ?" እንደ ቀልድ ነው ያልኩት።

ጥር 21

ታላቅ እህቴ መጣች። ባቄላ በቃሪያ ሠርታ፣ በትልቁ ሳህን። ድስቴን ከፍታ አየች።

"ይሄ የጨቅላ ምግብ ነው እንዴ የምታበላት? ልጅቷን እኮ አመነመንካት!"

ልጄ አክስቷን ማስቀየም አትወድም። በላች። "ግድ የለም፣ ትንሽ ነው" አለችኝ በዓይኗ። እኔም ዝም አልኩ። ለምን ዝም አልኩ?

ጥር 23

ሰባት ጊዜ። ደም አለ።

እህቴ ጋ ደወልኩ። ያልኳትን እዚህ አልጽፈውም። አለቀሰች። "አንጀቴን ብትበላኝ ነው ያበላኋት" አለች። ዘጋሁባት።

ጥር 24

ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ውሃ ቀጠነ የማትል። ደብተሩን ገልጣ ከዳር እስከ ዳር አነበበች። እኔ ጥር 21 ላይ ጣቴን አድርጌ "ይቺ ናት፣ ባቄላዋ" አልኩ።

ወደ ልጄ ዞረች። "መድኃኒቱስ?"

ልጄ የቦርሳዋን ዚፕ ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

"ካቆምሽ ስንት ቀን ሆነሽ?"

"አሥራ አንድ።"

ልጄ መሬት መሬት እያየች ነው። አባቴ ነው ያለኝ አላለችም። አሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ ቆጠርኩ... ጥር 13። እኔው ተናገርኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ሐኪሟ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። "አባት፣ የቆሰለ አንጀትን ቃሪያና ባቄላ ሊያስቸግረው ይችላል፣ ልክ ነዎት። ግን አንድ ሳህን ባቄላ ይሄን ሁሉ ደም አያመጣም። በሽታውን የሚይዘው መድኃኒቱ ነው። ምግቡ ደግሞ እሷን ይይዛታል። ሁለቱም ያስፈልጓታል።"

አልጋ ተሰጣት። መስኮት አጠገብ።

ጥር 25

እህቴ ጋ ደወልኩ። "ይቅር በይኝ" አልኳት።

"ሞኝ" አለች። "ምን ላምጣላት? እሱን ንገረኝ።"

ጥር 29

ወጣች። መድኃኒት ጠዋትና ማታ። ክኒኗን ስትውጥ ቆሜ አያለሁ። "ዋጥኩ" ብላ አፏን ከፍታ ታሳየኛለች፣ እንደ ሕፃን። እያሾፈች ነው መሰለኝ።

የካቲት 8

ወተት ተከለከለ። ጎመን፣ ቲማቲም፣ ለውዝ፣ ብርቱካን፣ ጥቁር ዳቦም። ትናንት እንቁላል በልታ ሆዷን ስለቆረጣት ከዛሬ ጀምሮ እንቁላልም። የቀረው ሩዝ፣ ድንችና ዶሮ።

"አባዬ፣ ውሃውንስ?" አለች።

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

የካቲት 19

ሚዛን ላይ ወጣች። ሦስት ኪሎ ቀንሳለች።

ሐኪሟ ደብተሩን አየች። "እንቁላል ማን ከለከላት?"

"እኔ።"

"ወተቱን?"

"እኔ።" ጎመኑን ሳትጠይቀኝ "እሱንም" አልኩ።

ደሙ ቆሟል አለች። ቁስሉ እየሻረ ነው፣ አሁን የሚያሰጋት መራብ ነው። "አንድ በአንድ ይመለስላት፣ በትንሽ በትንሹ። ሆዷ የማይቀበለውን ሆዷ ይነግረናል። የምትመርጠው ደግሞ እሷ ትሁን።"

መንገድ ላይ አንድ ሱቅ ስንደርስ ስድስት እንቁላል ገዛች። ፌስታሉን ልያዝልሽ ብላት አልሰጠችኝም።

የካቲት 22

ከሥራ ስገባ ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ተገልጧል። ልጄ ፊቱ ተቀምጣለች። ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም።

"ስንት ጊዜ እንደሄድኩ ጽፈሃል። ከምን ጋር ምን እንደበላሁ ጽፈሃል። እዚህ ውስጥ እኔ የለሁም፣ አባዬ። የመጨረሻ ሥዕሌን አስረክቤ አስተማሪው ግድግዳ ላይ የሰቀለው ቀን የታለ? እሱ ቀን ምን ጻፍክ? 'ድንች፣ ሦስት ጊዜ'!"

 እውነት ነው። የቤት ንድፍ ነበር፣ የተሰቀለውን ለማየት አልሄድኩም... ሊፍት ቆሞብኝ።

"እናትሽ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ እያለች..." ብዬ ጀመርኩ። አልጨረስኩትም። ሦስት ዓመት ሙሉ ጨርሼው አላውቅም።

ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እኔ እማዬን አይደለሁም። ሲያመኝ አመመኝ እላለሁ። አንተ ግን ሳልናገር ቆጥረህ ትቀድመኛለህ። መቼ ልበል?"

ከዚያ ተነስታ እንቁላል ጠበሰች። ቲማቲም ልጣ፣ ፍሬውን በማንኪያ አውጥታ ጨመረችበት። አንዱ ወገን አረረ። የቀረውን በላች። በገዛ ማድ ቤቴ የት እንደምቆም ጠፋኝ።

"ለሐኪሟ የሚያስፈልገውን በስልኬ እይዛለሁ" አለች። ደብተሩን ወደ እኔ ገፋችው። "ይሄ ያንተ ነው።"

መጋቢት 3

ሥራ አገኘች። ሌላ ከተማ፣ የሕንፃ ንድፍ ቢሮ፣ ለሦስት ወር ልምምድ። በአውቶብስ የአራት ሰዓት መንገድ።

"መጸዳጃ የሌለው አውቶብስ" አልኩ።

"ሹፌሩን አቁምልኝ እለዋለሁ።"

"በሰው ፊት አታፍሪም?"

"አፍራለሁ። አፍሬ እወርዳለሁ፣ አፍሬ እመለሳለሁ።"

እህቴ ትስቃለች። "ባንተ አልወጣችም፣ በኔ ነው" ትላለች።

መጋቢት 10

ሸኘኋት። ሳትሳፈር በፊት ሹፌሩ ጋ ሄደች። እኔ ልናገርላት ነበር ሐሳቤ፣ ቀደመችኝ።

"ወንድሜ፣ የአንጀት ሕመም አለብኝ። አቁም ካልኩህ ለምን አትበለኝ።"

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሰማ። የኔ ጆሮ ነው የጋለው። ሹፌሩ መስታወቱን እየወለወለ ነበር፤ "ከኋላዬ ያለችውን ወንበር ያዢ እህቴ፣ መጮህ እንዳይኖርብሽ" አለና ወልውሎ ጨረሰ።

መጋቢት 14

ዛሬም ካሮቱን እስኪፈርስ ቀቀልኩት። ለማን?

መጋቢት 26

ደወለች። ሁለት ቀን አሟት ነበር፣ እዚያ ያለ ሐኪም ጋ ሄዳለች፣ መድኃኒት ጨምሮላታል፣ አሁን ይሻላታል። "አመመኝ ብዬሃለሁ፣ መዝግብልኝ" አለች። ልምጣ አልኳት። "ሲሻለኝ ና" አለች። "ሲያመኝ ከመጣህ በሽታዬን ነው የምትጠይቀው።"

መዘገብኩ። እነሆ።

ሚያዝያ 12

ሄድኩ። ከሁለት ልጆች ጋር ነው የምትኖረው፣ አንዷ ነርስ፣ አንዷ ፀጉር ሠሪ። ማድ ቤቱ ለሁለት ሰው ይጠባል፤ አራታችንም ገባንበት።

ምሳ ልጄ ናት የሠራችው። ዓሣ፣ ድንች፣ ትንሽ ቆስጣ አብስላ። ዓሣው እንደ ጣውላ ደርቋል። ጉንጯ ሞልቷል። ቢሮ ውስጥ የመጀመሪያዋን የፎቅ መውጫ ደረጃ እንድትነድፍ ሰጥተዋታል፤ ናፕኪን ላይ ሣለችልኝ። መዞሪያው ላይ እንዴት እንደተጣበበባትና እንዴት እንደፈታችው። አጥብቄ ጠየቅኳት፣ መለሰችልኝ።

ምሳው መሃል ብድግ አለች። "ሆዴ ጠርቶኛል። ዓሣዬን የነካ ወዮለት!"

"ማን ይነካዋል፣ ጥርስ ይሰብራል!" አለች ፀጉር ሠሪዋ። ሁሉም ሳቁ። ከመጸዳጃው በር ወዲያ ልጄም ስትስቅ ተሰማኝ።

ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። "አባባ፣ ለመሆኑ የሊፍት ገመድ ይበጠሳል?"

አይበጠስም አልኩ። አንድ አይደለም፣ ብዙ ነው ገመዱ። ሹካና ማንኪያ ደርድሬ ማሳየት ጀመርኩ፣ ይሄ ሞተሩ፣ ይሄ ሚዛኑን የሚጠብቀው ክብደት፣ ይሄ ሰው የሚቆምበት...

ልጄ ተመልሳ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ወሬዬን አላቋረጥኩም።